ጊታር ላይ ጣት የት ይቀመጣል? በትዝታ እንጀምር

ጅማ ክረምት ሲገባ ሰው ቤቱ ይከተታል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ኳስ ሜዳው ጨቅይቷል። ያኔ ነው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ጊታር የሚወርደው። ሐምሌ ላይ አንድ ሁለት የሰፈር ልጆች ጊታር አቅፈው ቤቴ መምጣታቸው አይቀርም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ጣቴን የት ላድርግ?»

አምና የመጣው ልጅ የጊታሩን አንገት በተለጣፊ ወረቀት ሸፍኖት ነበር። በየፍሬቱ (አንገቱ ላይ አግድም በተቀበሩት ብረቶች መካከል)፣ በየክሩ ስር የድምፁን ስም ጽፎ ለጥፏል። 6 ክር፣ 12 ፍሬት፣ 72 ተለጣፊ። ስልኩ ላይ ባገኘው ሰንጠረዥ ሁለት ወር ተለማምዷል። የድምፅ ስም ስጠራለት ሳያመነታ ጣቱን ያስቀምጣል። «እስቲ የምትወደውን አንድ ዜማ ተጫወትልኝ» ስለው ግን አንገቱን ደፋ። አንድም አያውቅም።

ቦታውን ሸምድዶታል፣ ድምፁን ግን አያውቀውም። እኔ እንደሚመስለኝ አብዛኛው ጀማሪ ጊታሩን መልሶ ቁም ሳጥን ላይ የሚሰቅለው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው። እኛ ደግሞ ጥሩ ዕድል አለን፤ ጆሯችን ትዝታ የሚባለውን ቅኝት ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጣት ጆሮን ተከትሎ ቢሄድ ይቀለዋል። ከዚያ ልጅ ጋር ተለጣፊውን ልጠን፣ ሙጫውን ጠርገን፣ በአንድ ክርና በአንድ ጣት እንደ አዲስ ጀመርን። እናንተም እንደዚያ ጀምሩ።

መጀመሪያ ዕቃውን እዩት

ጣታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ጊታሩን ፈትሹ። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩት። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ክሩ በጣም ርቋል። እንዲህ ያለ ጊታር ላይ ጎበዝ ተጫዋችም ጣቱን ያመዋል። የሚያውቅ ሰው ዝቅ ያድርግላችሁ።

ክሩ ናይለን ከሆነ ለጀማሪ ጣት ይራራል። የናይለን ጊታር ላይ ግን የብረት ክር እንዳታስሩ። የብረት ክር ውጥረቱ ከባድ ነው፤ አንገቱን ያጎብጣል፣ ክሩ የታሰረበትን እንጨት ከነሙጫው ይነቅላል። እኔ በልጅነቴ አንድ ጊታር እንዲህ አድርጌ ገድያለሁ። ክሩን የሸጠልኝ ሰውዬ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ያው አልነበረም።

የብረት ክር ያለው ጊታር ካላችሁ ደግሞ የጅማን እርጥበት አስቡ። ክሩ ቶሎ ይዝጋል። የዛገ ክር ጣት ይልጣል፣ ድምፁም ይታፈናል። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ክር በደረቅ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጥረጉት። እርጥበት የሚመጣው ግድግዳ ላይም አትስቀሉት።

የክሩና የጣቱ ቁጥር

ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ይባላሉ። ሲቆጠሩ ግን ከቀጭኑ ነው የሚጀመረው። ቀጭኑ 1ኛ ክር፣ ወፍራሙ 6ኛ ክር። ጊታሩን ስትይዙ 6ኛው ወደ አገጫችሁ፣ 1ኛው ወደ ጉልበታችሁ ነው። ይሄ ሁሉንም ሰው መጀመሪያ ያምታታል።

ፍሬት የሚባለው አንገቱ ላይ አግድም የተቀበረው ብረት ነው። «3ኛ ፍሬት ላይ ተጫን» ሲባል ግን ብረቱ ላይ ማለት አይደለም። በ2ኛውና በ3ኛው ብረት መካከል፣ ወደ 3ኛው ተጠግቶ ማለት ነው።

የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዲህ ይቆጠራሉ፦ ሌባ ጣት 1፣ መሃል ጣት 2፣ የቀለበት ጣት 3፣ ትንሿ ጣት 4። አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ ስለሚውል ቁጥር የለውም። ኪቦርድ የነካ ልጅ እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ኪቦርድ ላይ 1 የሚባለው አውራ ጣት ነው። እኔ ልጆቹን በየቤታቸው ቋንቋ አስቆጥራቸዋለሁ። አንዳንዱ አንድ፣ ሁለት ይላል፤ አንዳንዱ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። ዋናው ነገር ቁጥሩ ሲጠራ ጣቱ ሳያስብ መነሳቱ ነው።

ስለ ድምፅ ስምም አንድ ነገር ልበል። አንዱ ሙዚቀኛ «ሲ» ሲላችሁ ዶ ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛው ፊደል እየጠራ ነው። ሌላው «ሲ» ሲላችሁ ከዶ በፊት ያለውን፣ ፊደል ጠሪው «ቢ» የሚለውን ማለቱ ነው። ልምምድ ላይ በዚህ የተነሳ የሚጣሉ ሰዎች አይቻለሁ። እዚህ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ዶ ስል የፊደሉ ሲ ነው። ሲጠብባችሁ ስሙን ተዉትና ቁጥሩን ያዙ።

መቃኘት

ስልካችሁ ላይ የመቃኛ አፕ ጫኑ። እያንዳንዱን ክር ለብቻው እየመታችሁ መርፌው መሃል እስኪቆም መቃኛውን በቀስታ አዙሩ። ነጻ የሆኑት አፖች ይበቃሉ።

ስልኩ ባትሪ ጨርሶ መብራት ሲጠፋ በጆሮ ነው። የ6ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ከ5ኛው ባዶ (በጣት ካልተጫኑት) ክር ጋር እኩል መሆን አለበት። የ5ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ከ4ኛው ባዶ ጋር፣ የ4ኛው 5ኛ ፍሬት ከ3ኛው ባዶ ጋር። ከ3ኛው ወደ 2ኛው ሲሆን ብቻ 4ኛ ፍሬት ነው። ከዚያ የ2ኛው 5ኛ ፍሬት ከ1ኛው ባዶ ጋር። ሁለቱን ድምፅ አብራችሁ ስትመቱ «ዋው ዋው» የሚል መወዛወዝ ትሰማላችሁ። እየተቀራረቡ ሲሄዱ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ይጠፋል። ያልተቃኘ ጊታር ላይ መለማመድ ጆሮን ውሸት ማስተማር ነው፤ በየቀኑ ቃኙ።

አቀማመጥ

ሶፋ ላይ አትቀመጡ። መደገፊያው የቀኝ ክንዳችሁን ይገፋል፣ ወገባችሁም ይሰምጣል። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ይሻላል። ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ያለበት ቤት ደግሞ ሌላ ነገር መፈለግ የለበትም። ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከፍ ይላል፣ ጊታሩም ጭን ላይ ራሱን ችሎ ይቀመጣል። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ግራ እጃችሁን ብትለቁት ጊታሩ መውደቅ የለበትም። ግራ እጅ አንገቱን ተሸክሞ ጣት ደግሞ ቦታ ፈልግ ከተባለ ሁለቱንም አይችልም።

አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ፣ በመሃል ጣት ትይዩ ይረፍ። መዳፋችሁ አንገቱን አይንካ፤ ትንሽ ብርቱካን የያዘ እጅ ይመስል ክፍተት ይኑረው። የግራ እጅ ጥፍር ደግሞ መቆረጥ አለበት። ጣታችሁን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙት ቀድሞ ጠረጴዛውን የሚነካው ጥፍር ከሆነ ገና አላጠረም።

አንድ ድምፅ፣ አንድ ምሽት

አሁን 3ኛውን ክር፣ 3ኛውን ፍሬት ያዙ። በሌባ ጣት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የመጀመሪያው ምሽት ሙሉውን ይሄ ቢሆን አይጎዳም።

ጣታችሁን በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ ልክ መሃል ላይ ተጫኑና ክሩን ምቱት። «ዝዝዝ» የሚል ነገር ትሰሙ ይሆናል። ድምፁን ሳታቋርጡ እየመታችሁ ጣታችሁን ወደ 3ኛው ብረት አንሸራትቱ። አንድ ቦታ ላይ ዝዝዝታው በድንገት ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠራል። እዚያ ቁሙ። ከዚያ አልፋችሁ ብረቱ ላይ ስትወጡ ድምፁ መልሶ ይታፈናል። ያ የጠራበት ቦታ፣ ከብረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ያለው፣ የጣታችሁ ቤት ነው። በሁሉም ፍሬት ላይ ቤቱ እዚያው ነው።

ለምን? ክሩን የሚቆርጠው ጣት ሳይሆን ብረቱ ነው። የጣት ስራ ክሩን ብረቱ ላይ ማስተኛት ብቻ ነው። ለብረቱ በቀረባችሁ ቁጥር ትንሽ ጉልበት ይበቃል።

ስንት ጉልበት? ጣታችሁን ቤቱ ላይ አሳርፉት፣ አትጫኑ። ምቱት። «ጠቅ» ይላል፣ የሞተ ድምፅ። ጥቂት ጨምሩ፣ ምቱ። አሁንም ጠቅ። ጥቂት ጨምሩ፣ ዝዝዝ አለ። ጥቂት ጨምሩ፣ ጠራ። በቃ! ከዚያ በላይ አንድ ግራም አትጨምሩ። ጀማሪ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ይጫናል። ጥፍሩ ሲነጣ፣ ትከሻው ሲነሳ፣ ምላሱን ሲነክስ ታዩታላችሁ።

ክሩ የሚያርፈው የጣታችሁ ጫፍ ላይ ነው፣ የጣት አሻራ የምትሰጡበት ሰፊው ስጋ ላይ አይደለም። ጣቱ ከአንጓው ጎበጥ ብሎ እንደ መዶሻ ከላይ ይውረድ። ከተጋደመ ጎረቤት ያለውን ክር ይነካና ያፍነዋል።

ያማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ ይቀላል፣ ይቃጠላል። በኋላ ይደድራል። የጫፉ ህመም የተለመደ ነው፤ የእጅ አንጓ ወይም የክንድ ህመም ግን አይደለም። አንጓችሁን ካመማችሁ አቁሙና አቀማመጣችሁን አስተካክሉ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ። እሁድ እሁድ 3 ሰዓት መቀመጥ ጣትን ያቆስላል እንጂ አያስተምርም።

አንድ ክር፣ አንድ ጣት፣ አንድ ትዝታ

ያንን የተለጣፊ ልጅ «ቤታችሁ ማን ያንጎራጉራል?» አልኩት።

«እማዬ። ቡና ስትወቅጥ።»

«ምን ትላለች?»

አፈረ። ከዚያ አፉን ሳይከፍት አሰማኝ። ትዝታ ነበር፣ ግልጽ ያለ ትዝታ። «ጥሩ፤ አሁን 3ኛውን ባዶ ክር ምታና ከዚያ ተነስተህ አንጎራጉር» አልኩት። አንጎራጎረ። «በሌባ ጣትህ እዚያው ክር ላይ ፈልገው።»

ሁለተኛውን ድምፅ ወዲያው አገኘው። ሦስተኛው ላይ 3ኛ ፍሬትን ተጫነ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ «አይ፣ አዘነ» አለ። ጣቱን አንድ ፍሬት ወደፊት ገፋ። 4ኛ። ሳቀ። ማንም ቁጥር አልነገረውም። ያ «አይ» ያለበት ቅጽበት ከ72ቱ ተለጣፊ በላይ አስተምሮታል።

እናንተም ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት ሞክሩት። 3ኛውን ባዶ ክር ምቱ፣ የምታውቁትን የትዝታ ዜማ ከዚያ አንሱ፣ በአንድ ጣት እየተንሸራተታችሁ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት ይፍጅ። ከዚያ ብቻ ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

ባዶ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛ ፍሬት።

ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። አንድ ፍሬት ግማሽ ድምፅ ነው፣ ሁለት ፍሬት ሙሉ ድምፅ። ርቀቱን እዩት፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። ባዶው ክርና 12ኛው ፍሬት አንድ ድምፅ ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። 12ኛው ፍሬት የክሩ ልክ ግማሽ ላይ ስለሆነ ነው። ካላመናችሁ በማስመሪያ ለኩት።

አሁን 4ኛውን በ3ኛ፣ 9ኛውን በ8ኛ ቀይሩ። ባዶ፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 12። ትዝታ ማይነር ሆነ። ልጁ «አዘነ» ያለው ይሄንን ነው። ሁለት ጣት አንዳንድ ፍሬት ወደ ኋላ መለሰ፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ።

አንገቱ ላይ ከባዶው እስከ 12ኛው ድረስ 12 የተለያየ ድምፅ አለ። ትዝታ የሚፈልገው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ሰባቱ አያገባችሁም። የኛን ባለአምስት ድምፅ ቅኝት ከአሥራ ሁለቱ ድምፅ ጋር ማስማማትን የሕይወቱ ስራ ያደረገው ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ለልጆቹ ይሄን ስነግራቸው «ጣቱን የት ያስቀምጥ ነበር?» ይሉኛል። ሰውዬው የታወቀበት ቫይብራፎን ግን በዘንግ የሚመታ ነው፤ የጣት ቦታ ጭንቀት የለበትም።

አሁን በሦስት ጣት

በአንድ ክር መንሸራተት ጆሮን ያሰለጥናል፣ ለፍጥነት ግን አይሆንም። ያንኑ ትዝታ ከዶ አንስተን በአራት ክር ላይ እንበትነው። እጃችሁ ከቦታው ሳይነቃነቅ ጣቶቹ ብቻ ይሰራሉ።

ዶ፦ 5ኛ ክር፣ 3ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት
ሬ፦ 4ኛ ክር፣ ባዶ
ሚ፦ 4ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት፣ መሃል ጣት
ሶል፦ 3ኛ ክር፣ ባዶ
ላ፦ 3ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት፣ መሃል ጣት
ላይኛው ዶ፦ 2ኛ ክር፣ 1ኛ ፍሬት፣ ሌባ ጣት

ደንቡ አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት። 1ኛ ፍሬት የሌባ ጣት፣ 2ኛ የመሃል፣ 3ኛ የቀለበት፣ 4ኛ የትንሿ። ሌባ ጣት ብርቱ ስለሆነ ሁሉንም ልስራው ይላል። አትፍቀዱለት። ዛሬ የሚቀለው መንገድ ነገ ዜማው ሲፈጥን ያንቃችኋል።

እየወጣችሁ ስትጫወቱ እያንዳንዱን ድምፅ በአፋችሁም በሉት። ስትወርዱም እንዲሁ። ድምፃችሁ ቢያስጠላችሁም ግድ የለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ማን ይሰማችኋል?

ጣት ስታነሱ ሩቅ አትስቀሉት። ከክሩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከራቀ በቂ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ስታዩ ጣቱ የማይንቀሳቀስ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ቀኝ እጃችሁ ደግሞ ለአሁኑ አይብዛበት፤ በአውራ ጣት ወይም በፒክ (ክር መምቻዋ ትንሽ ፕላስቲክ) ወደ ታች ብቻ ይምታ።

ማይነሩን ለማግኘት ሚና ላን ከ2ኛ ወደ 1ኛ ፍሬት አምጡ። ያኔ መሃል ጣት ስራ ፈትቶ ሌባ ጣት ይተካል። ሜጀሩን አንዴ፣ ማይነሩን አንዴ እያፈራረቃችሁ ተጫወቱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት። ሲሳሳት ጆሯችሁ ይጮኻል፤ ያኔ ተለጣፊ አያስፈልግም።

ተለጣፊን በጭራሽ አልጠላም። ለትንንሽ ልጆች 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 12ኛ ፍሬት ላይ አንዳንድ ነጥብ አደርግላቸዋለሁ። ብዙ ጊታር ላይ በአንገቱ ጎን ነጥቡ ተሰርቶ ይመጣል። ሰባ ሁለት ግን የጎዳና ታርጋ እያነበቡ እንደ መንዳት ነው፤ መንገዱን አታዩትም።

እጅ ለሚያጥርበት

የትንንሽ ልጆች እጅ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ፍሬት አይደርስም። ችግሩ የነሱ አይደለም። 65 ሴንቲ ሜትር የክር ርዝመት ባለው የተለመደ ጊታር ላይ የ1ኛው ፍሬት ስፋት 3.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 8ኛው ጋ ስትደርሱ 2.4 ያህል ይሆናል። ወደ አካሉ በቀረባችሁ ቁጥር ፍሬቱ ይጠባል። ስለዚህ ልጆችን ከላይ ጀምሩላቸው። ቀጥሎ ያለው ቅርጽ ለነሱም ይመቻል።

የሚዘዋወረው ቅርጽ

ባዶ ክር ጥሩ ነው፣ ግን ከአንድ ድምፅ ጋር ያስራችኋል። ዘፋኟ «ትንሽ አውርደው» ስትላችሁ ምን ልታደርጉ ነው? ባዶ ክር የሌለው ቅርጽ ያስፈልጋል።

መሃል ጣታችሁን 6ኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ አድርጉ። ዶ ነው። አሁን ሌባ ጣት 7ኛን፣ መሃል 8ኛን፣ የቀለበት 9ኛን፣ ትንሿ 10ኛን ይጠብቃሉ። ከወፍራሙ ክር ተነስታችሁ እንዲህ ውጡ፦

6ኛ ክር፦ መሃል፣ ትንሿ
5ኛ ክር፦ ሌባ፣ ትንሿ
4ኛ ክር፦ ሌባ፣ ትንሿ
3ኛ ክር፦ ሌባ፣ የቀለበት
2ኛ ክር፦ መሃል፣ ትንሿ
1ኛ ክር፦ መሃል

ሁለት ሙሉ ዙር ትዝታ፣ እጅ ከቦታው ሳይነሳ። ትንሿ ጣት እዚህ ብዙ ስራ አላት፤ መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች። አትተኳት። በቀለበት ጣት የሚያልፉ አሉ፣ ዘንድሮ ይቀላቸዋል፣ ለከርሞ ግን ይቸገሩበታል።

ቅርጹን እንዳለ ወደ ታች አምጥታችሁ መሃል ጣት 6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ቢያርፍ ከሶል የሚነሳ ትዝታ ይሆናል። የጣቱ ቅደም ተከተል አንድም አይቀየርም። ያ ልጅ ይሄን ሲያይ «እና ስንት ትዝታ ነው የተማርኩት?» አለኝ። አንድ ነው። ቦታው ነው የሚለያየው።

ሌሎቹ ቅኝቶች

እነዚህን በአንድ ክር ጀምሩ፣ አሁንም 3ኛው ባዶ ክር ላይ። ከዚያ እናንተው ወደ አራቱ ክር አስገቧቸው።

ባቲ ሜጀር፦ ባዶ፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12። ባቲ ማይነር፦ ባዶ፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። ባቲ ከትዝታ የሚለየው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከመነሻው ዘሎ ይሄድና መሃል ላይ ይሰበሰባል። ሜጀሩ ላይ 4ኛና 5ኛ ፍሬት ጎን ለጎን ስለሆኑ ሁለት ጣት ተጠግተው ይቀመጣሉ። እንዳይጋፉ ጫፋቸው ላይ ይቁሙ።

አምባሰል፦ ባዶ፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። ገና ከመነሻው በአንድ ፍሬት ብቻ ይነሳል፣ ከዚያ አራት ፍሬት ይዘላል። ከዶ ስትጫወቱት 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት በቀለበት ጣት፣ 4ኛ ፍሬት በትንሿ ጣት፣ ከዚያ 4ኛ ክር 3ኛ ፍሬት መልሶ በቀለበት ጣት፣ ባዶ 3ኛ ክር፣ እዚያው ክር 1ኛ ፍሬት በሌባ ጣት፣ መጨረሻ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ፍሬት ላይ በሁለት ጎረቤት ክር ናቸው። ሌባ ጣትን አንስቶ ከማዝለል ጋደም አድርጎ ሁለቱንም በአንዴ መሸፈን ይቀላል።

አንቺሆዬ፦ ባዶ፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። ይሄኛውን ለመጨረሻ አቆዩት። ከዶ ሲሆን 5ኛ ክር ላይ 3ኛና 4ኛ፣ 4ኛ ክር ላይ 3ኛና 4ኛ፣ 3ኛ ክር ላይ 2ኛ፣ 2ኛ ክር ላይ 1ኛ። ባዶ ክር የለውም። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ሁለት ክር ላይ ተከታትለው ይሰራሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ሲፈጥራቸው አብረው መነሳት የሚወዱ ጣቶች ናቸው። የቀለበት ጣት ተጭኖ እንደቆየ ትንሿን ብቻ አንሱ፣ አሳርፉ፣ አንሱ። አስር ጊዜ። ቡና እስኪፈላ ጠረጴዛ ላይም መለማመድ ይቻላል።

አንቺሆዬን ስትጫወቱ አንድ ነገር ይከነክናችኋል። ጣታችሁ ቦታው ላይ ነው፣ ጊታሩ ተቃኝቷል፣ ግን የሆነ ነገር ማሲንቆ ላይ እንደምትሰሙት አልሆነም። ጆሯችሁ ልክ ነው። የጊታር ፍሬት ድምፁን እኩል 12 ቦታ ከፍሎ ብረት ቀብሮበታል። የማሲንቆ አንገት ላይ ብረት የለም፤ ተጫዋቹ ጣቱን በጸጉር ስፋት እያስጠጋና እያራቀ የሚፈልገውን ያወጣል። ጊታር ላይ ድምፁ ትንሽ ከፍ እንዲል ከፈለጋችሁ ክሩን እንደተጫናችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ይወጣል። ዝቅ እንዲል ከፈለጋችሁ ግን ፍሬቱ እምቢ ይላል። ያኔ ማሲንቆ ያለው ጎረቤት ፈልጉ።